የዐስሊ ሞተር፣ የማርያን ሳህን

ፋዱማ ሰው ማመን ጊዜ ማባከን ይመስላታል። ድሬዳዋ ውስጥ፣ መጋላ፣ ከአንድ ትንሽ መስጊድ ማዶ ባለው የመንገድ ጥግ ሳምቡሳ ስትሸጥ ጠጉሯ ሸብቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ደንበኛ አፍ አውጥታ አመስግና አታውቅም። የሚገዟት ሳምቡሳው ጥሩ ስለሆነ ነው እንጂ ደግ ስለሆኑ አይደለም። ይህን ታውቃለች፤ ለሚጠይቃትም ትናገራለች።

ባሏ በምድር ባቡር ጥገና ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሲሞት ሊያጽናኗት ከመጡት ሴቶች ግማሾቹ ጥጉን አስበው እንደመጡ አልጠፋትም። ከሁሉም የባሰችው ከመስጊዱ ጀርባ ሳምቡሳ የምትሸጠው ፋርቱን ነበረች። እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች፣ «የሐዘን ወራትሽን፣ ዒዳሽን፣ ቤት ስትቀመጪ ጥጉን ማን ይይዝልሻል፣ እህቴ?» አለቻት።

«አንቺ አይደለሽም» አለች ፋዱማ፤ እህቷን ከሐረር አስመጥታ አስያዘች።

ጥጉ የራሱ ሕግ አለው። ረመዳን በገባበት የመጀመሪያው ቀን፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ትሪዋን ዘርግታ ያልተገኘች ሴት ቦታዋ የሌላ ይሆናል። ይህን ቀበሌ አልደነገገውም፤ ሊሽረውም አይችልም። አብዮት ጥበቃዎቹ ራሳቸው ሲያፈጥሩ የሚገዙት ከዚያው ስለሆነ ነገሩ ውስጥ አይገቡም። ፋዱማ ጥጉን ያገኘችው በዚሁ ሕግ ነው፤ የቀድሞዋ ባለቦታ ልጇን ልትድር ጂጂጋ ሄዳ በዘገየችበት ዓመት። አላዘነችላትም። እሷም ብትዘገይ ፋርቱን እንደማታዝንላት ታውቃለች።

በ1975 ዓ.ም. ረመዳን ሰኔ ላይ ሊገባ ወራት ሲቀሩት የፋዱማ ቀኝ እጅ አልታዘዝ አለ። መጀመሪያ አንጓው ላይ ጠዘጠዛት፤ ኋላ ጣቶቿ ደነዘዙ፤ በመጨረሻ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላው ከእጇ ወድቆ እግሯ አጠገብ መሬት ላይ ተሰካ። አንስታ አጠበችው፤ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ በረጅም እጅጌ ሸፈነች። ለማንም አልተናገረችም። ወሬው ፋርቱን ዘንድ ከደረሰ፣ ሴትዮዋ ረመዳንን ሳትጠብቅ ጥጉ ላይ ምንጣፍ ታነጥፋለች።

በአዘቦት ቀን አንድ ትሪ ይበቃል፤ እያረፈች በግራ እጇም ቢሆን ትወጣዋለች። የረመዳን ግን ሌላ ነው። ለዚያ የሚከተፈው ሥጋና ሽንኩርት ለጤነኛ እጅም ይከብዳል። ሴት ልጆች ቀጥራ ሞክራ ነበር። አንዷ ሽንኩርቱን እንደ ድንች ትቆራርጣለች፤ ሌላዋ የቅመሙን አጣጣል አይታ በሳምንቱ ጠፋች። የእጅ ሥጋ መፍጫም ተውሳ አየች። ሥጋውን ያኝከዋል እንጂ አይከትፈውም፤ ታኝኮ የመጣ ሳምቡሳ ደግሞ መጋላ ውስጥ የሚገዛ የለም።

የምትፈልገውን ታውቃለች። ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ የምድር ባቡር መሐንዲስ ቤት ለሠርግ ሥራ ተጠርታ ሳለ የመሐንዲሱ ሚስት የኤሌክትሪክ መክተፊያ አሳይታታለች። ሞተር፣ በላዩ የሚቀመጥ ጎድጓዳ ሳህን፣ ሳህኑ መሐል የሚሽከረከር ባለ ሁለት ክንፍ ስለት። ሴትዮዋ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገችው፤ ሽንኩርቱ በቢላ የተከተፈ መስሎ ወጣ፤ ውኃም አልተፋም። ፋዱማ ሴትዮዋን ናቀቻት፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዛ ምግብ ማብሰል የማታውቅ ነበረች። ማሽኑን ግን አልናቀችውም።

ስለዚህ ልትገዛ ወጣች። በእጇ ያለው ብር ደህና የሚባል አንድ ማሽን ይገዛል፤ መጥፎ ከሆነ ሁለት። ሁለት መጥፎ ማሽን ግን ምን ያደርግላታል?

የመንግሥት ሱቅ ውስጥ ከሶሻሊስት አገር የመጣ አንድ ነበር፤ ቁመቱ የሕፃን ልጅ ያህላል። የሱቁ ሠራተኛ ስለ ወንድማማች ሕዝቦች ኢንዱስትሪ ብዙ አወራላት። ሥጋ ይከትፍ እንደሆን ስትጠይቀው እንቁላል በደንብ ይመታል አላት። እንቁላል ለመምታት ሹካ እንዳላት ነግራው ወጣች።

የቀረው የኮንትሮባንድ ዕቃ ነው። በድሩ የሚባል ነጋዴ በሱቁ ፊት ለፊት ሳሙናና ክብሪት፣ በጓዳው ከጅቡቲ የመጣውን ሁሉ ይሸጣል። ፋዱማ በዘንቢሏ ሁለት ሽንኩርትና በፌስታል የተጠቀለለ ሥጋ ይዛ ገባች።

«ይኼ ምንድን ነው፣ አዴ ፋዱማ? ምሳ ልታበስይልኝ ነው?»

«ማሽንህን ላየው ነው።»

በድሩ ሳቀና ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። የኮንትሮባንድ ቤት ወግ ነው፤ ሞተር ያለው ዕቃ ሲሞከር የፊናንስ ፖሊስና የቀበሌ ጆሮ እንዳይሰማ ሬዲዮ ይጮኻል። ገዢም ነገሩን ለምዶታል። ፋዱማ ግን ጣቷን ወደ ሬዲዮው ቀሰረች።

«ዝጋው።»

«እንዴት ልዝጋው፣ አዴ? ልታሳስሪኝ ነው?»

«የምገዛው ሞተር ነው። ድምፁን ካልሰማሁ ምኑን ልግዛ፣ ዘፈኑን?»

«ወላሂ ይኼ ማሽን ድንጋይ ይፈጫል።»

«ድንጋይ የሚበላ ደንበኛ የለኝም።»

በድሩ ሬዲዮውን አልዘጋም። ፋዱማ ሽንኩርቷን ከትታ መዳፏን ከማሽኑ ጎን ለጠፈች። ጆሮዋ ያልሰማውን እጇ ሰማው፤ ማሽኑ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ክዳኑ ሲነሳ ሽንኩርቱ በገዛ ውኃው ውስጥ ይዋኝ ነበር።

«ይኼ አይከትፍም» አለች፤ «ያስለቅሳል።»

በድሩ ሌላ አወጣ፤ ከዚያ ሌላ። አንዱ ቀለሙ ያምር ነበር፤ ስለቱ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ነው። አንዱ ስለቱ ደህና ሆኖ ሞተሩ ሥጋ ሲገባበት አቃሰተና ቆመ። በድሩ ሁሉንም በአላህ ስም ማለላቸው። ፋዱማ ሥጋዋን ጠቅልላ ስትወጣ፣ «ያንቺን ሽንኩርት የሚያስደስት ማሽን ገና አልተሠራም» አላት። ለእንዲህ ያለ ሰው መልስ መስጠት ትንፋሽ ማባከን ነው ብላ አለፈችው።

የምትፈልገው ዓይነት ማሽን ወሬ የደረሳት ቆይቶ ነው። ነገሩን ለመረዳት በባቡር ኮንትሮባንድ የሚያመላልሱትን ሴቶች ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ከጅቡቲ የሚመጣ ማሽን ሙሉ ሆኖ ባቡር ላይ አይወጣም፤ ሙሉ ከሆነ ፊናንስ ይወስደዋል። ሴቶቹ ይፈቱታል። አንዷ ሞተሩን ሆዷ ላይ ታስራ ነፍሰ ጡር ትሆናለች፤ ሌላዋ ሳህኑንና ስለቱን በልብስ ጠቅልላ ጭኗ ሥር ታኖራለች። ድሬዳዋ ሲደርሱ ይገጣጥሙትና ይሸጣሉ። ዐስሊና ማርያን ለዓመታት እንዲህ ነው የሠሩት፤ ካፒታሉ የጋራ፣ ትርፉ እኩል።

ይህን ማሽን ባመጡበት በመጨረሻው ጉዞ ግን ድንበሩ ላይ ባለው ደወሌ ጣቢያ ፍተሻ ጠነከረ፤ ማርያን የያዘችው ጣቃ ጨርቅ ተወሰደ። ማርያን እንደምትለው ፊናንሱ እሷን አልፎ ሊሄድ ነበር። ዐስሊ ዐይኗን ወደ እሷ ወረወረች፤ ፊናንሱ ያንን ዐይን ተከትሎ መጣ። ዐስሊ እንደምትለው ሞተሩ ሆዷን እየወጋት ስለነበር የገዛ እግሯንም አላየችም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም። ሞተሩ ዐስሊ ቤት ቀረ፤ ሳህኑ፣ ክዳኑና ስለቱ ማርያን ቤት። ክዳኑ ሳህኑ ላይ ዞሮ ቀጭ ካላለ ደግሞ ሞተሩ አይነሳም፤ ማሽኑ እንዲያ ሆኖ ነው የተሠራው።

ፋዱማ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ወዳለው የዐስሊ ቤት ሄደች። ሞተሩ ከአልጋ ሥር ወጣ። ከባድ ነበር፤ መሐል ላይ ያለውን ዘንግ በጣቷ ስታዞረው ያለ ኮሽታ ተሽከረከረ። ደስታዋን ፊቷ ላይ አላሳየችም።

«ስንት ነው?»

ዐስሊ የሙሉ ማሽን ዋጋ ጠራች።

«ሳህን የለውም እኮ።»

«ሳህን ከዚያች ሌባ ግዢ።»

ማርያን ቤት ሄደች። ማርያን ስለቱን ከጨርቅ ፈትታ አሳየቻት። ፋዱማ ጥፍሯን በጠርዙ ላይ አስኬደችው፤ ጥፍሯ ተላጠ። እንዲህ ያለ ስለት ከመሐንዲሱ ቤት ወዲህ አላየችም።

«ስንት ነው?»

ማርያንም የሙሉ ማሽን ዋጋ ጠራች።

«ሞተር የለውም እኮ።»

«ሞተር ሆዷ ውስጥ አለላት። ትውለደው።»

ፋዱማ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሁለቱንም በልቧ ገረፈቻቸው። አንዷ በሌላዋ ላይ ለመኩራት ሁለቱም ይራባሉ። በዚያ ሁሉ ፍተሻ ሾልከው ያመጡትን ዕቃ በገዛ ቂማቸው አልጋ ሥር ቀብረውታል። ሽማግሌ ማስቀመጥም አሰበች፤ ወዲያው ተወችው። ሽማግሌዎቹ የጫት በርጫቸውን ይዘው እስከ ዒድ ድረስ ይመካከራሉ፤ የእሷ ጥግ እስከዚያ የፋርቱን ይሆናል።

በማግስቱ ተመልሳ ወደ ዐስሊ ሄደች።

«አልገዛሽም» አለቻት። «ሞተርሽ ያንቺው ይሁን። በረመዳን በየቀኑ ይዘሽው ትመጫለሽ፤ ስጨርስ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ከሽያጩ ድርሻ አለሽ። ማርያንም በሳህኗ ትመጣለች።»

«እሷ ካለችበት አልመጣም።»

«እሷም እንደዚያ እንደምትይ ነግራኛለች። ትፈራኛለች ነው ያለችው።»

ዐስሊ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «እኔ? እሷን? ቀኑን ንገሪኝ።»

ማርያን ዘንድ ሄዳም ያንኑ ደገመች፤ ማርያንም እንደዚያው ተነሳች። ፋዱማ አልሳቀችም። ለጥቅማቸው የማይነሱ ሴቶች ለቂማቸው እንደሚሮጡ ቀድሞውኑ ታውቅ ነበር።

የረመዳን ዋዜማ ለሙከራ መጡ፤ አንዷ በፊት በር፣ ሌላዋ በጓሮ። ዐስሊ ሞተሩን አስቀምጣ እጇን አጣጠፈች። ማርያን ሳህኑን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንዷ የሌላዋን ዕቃ መንካት አልፈለገችም፤ የገጣጠመችው ፋዱማ ናት። ክዳኑ ቀጭ አለ። ሬዲዮ አልተከፈተም። ሞተሩ ጠግባ እንደተኛች ድመት አጉረመረመ። ፋዱማ ነካ ነካ አድርጋ ክዳኑን ስታነሳ ሽንኩርቱ ደረቅ ነበር፤ ሥጋውም እያንዳንዱ ቅንጣት ለብቻው። ሁለት ጣቷን ሰድዳ አየችውና «ደህና ነው» አለች። በሕይወቷ ከሰጠችው ምስጋና ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር።

ዐስሊ ዝም ብትል ያለፈ ነበር። «ይኼ ሞተር ነው ሆዴን የቀደደው» አለች፤ «ሌላ ሰው ተቀምጦ ሲጓዝ።»

«ሌላ ሰው ጨርቁን ተቀምቶ» አለች ማርያን ለግድግዳው። «በሰው ዐይን።»

«ናያ፣ አንቺ ሴት፣ ዐይኔን ተይው!»

ማርያን ሳህኗን ነቅላ፣ ስለቱን ጠቅልላ ወጣች። ፋዱማ ልታስቆማት አልሞከረችም። ነገ ሲርባት ትመጣለች ብላ ነበር።

በማግስቱ ጾም ገባ፤ ማርያን አልመጣችም። ዐስሊ በቀጠሮዋ ሞተሩን አቅፋ ገብታለች። ሊጡ ተዳምጦ፣ ተቆርጦ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሥጋው ትሪ ላይ ነው። ፋዱማ ቢላ አነሳች። ጥቂት እንደከተፈች ጣቶቿ ተከፈቱና ቢላው ሥጋው መሐል ተኛ። ዐስሊ አየች። ፋዱማም እንዳየች አየች።

«ተነሽ» አለቻት። «ማርያን ዘንድ እንሄዳለን።»

በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ መንገድ ላይ ሰው አይወጣም፤ አስፋልቱ በጫማ ሥር ይለሰልሳል። ማርያን በሩን ገርበብ አድርጋ ምንጣፍ ላይ ተጋድማለች፤ ሳህኑ ከራስጌዋ ነው። ዐስሊን ስታይ ቀና አለች።

«እሷን ለምን አመጣሻት?»

«ራሷ እንድትናገር ነው። ‹ዐስሊ ወደ እኔ ማየቷን ትመን፤ ከዚያ ሳህኔን አመጣለሁ› ብለሽ ለሰፈሩ ስታወሪ ከርመሻል። ይኸው።» ፋዱማ ወደ ዐስሊ ዞረች። «አይተሻታል?»

ዐስሊ አፏን ከፈተች። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ በእናቷ፣ በልጇ፣ በአላህ ትምል ነበር። ዛሬ ግን የመጀመሪያው ጾም ነው። ሁለቱም ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ለፊናንስ፣ ለገዢ፣ ለባል ይዋሻሉ፤ በረመዳን ግን ውሸት ጾሙን ያበላሸዋል ብለው ከልባቸው ይፈራሉ። በውሸት የዋለ ሰው በከንቱ የተራበ ነው። በዚያ ሙቀት በከንቱ መራብን ደግሞ ዐስሊም ብትሆን አትፈልገውም።

መሐላውን ተወችው። «አይቻታለሁ» አለች።

ማርያን ተነስታ ተቀመጠች።

«ፊናንሱ ሆዴን ሊነካ እጁን ዘረጋ። ፈራሁ። ዐይኔ ወደ ጨርቁ ሄደ። ሆን ብዬ ይሁን ሳላውቀው፣ እኔም አላውቅም።»

ማርያን ልትሳደብ መተንፈሷ ይታይ ነበር፤ ስድብም ጾም ያበላሻል፤ ዋጠችው። ከዚያ ዐስሊ ጠየቀቻት፤ «አንቺስ? ጨርቁ በሙሉ ነው የተወሰደው?»

ማርያን ወደ ጣሪያው አየች። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

«በሙሉ አይደለም» አለች።

«የት አለ?»

«ሸጥኩት።»

ሁለቱ ተያዩ። ፋዱማ መሐላቸው ቆማ ሁለቱንም ናቀቻቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ሲዋሹ ኖረው ዛሬ አንደበታቸው ጻድቅ ሆነ። የንቀቷን ልክ ማርያን ከፊቷ አነበበችው።

«አዴ ፋዱማ፣ አንቺም ጾመኛ ነሽ። ሌቦች ናቸው ብለሽ ነው የምታዪን?»

«አዎ።»

«ታዲያ ከሌባ ምን ትፈልጊያለሽ? ቢላ የለሽም? ስትከትፊ የኖርሽ አይደለሽም? ለምንድን ነው ራስሽ የማትከትፊው?»

ይህን ጥያቄ ፋዱማ አልጠበቀችውም። ሙያዬን ልጠብቅ ብዬ፣ ጊዜ አጥሮኝ፣ አርጅቼ፤ ሦስቱም መልስ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ነበር፤ ሦስቱም ውሸት ነው። እጅጌዋን ሰበሰበች። ጨርቁን ፈታች። አንጓው አብጦ፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ነበር።

«ቢላ አይዝም» አለች። «ዛሬ ትሪዬን ካልዘረጋሁ ጥጉን ፋርቱን ትወስደዋለች። ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።»

ማርያን እጁን አየችው። ዐስሊም ቀረብ ብላ አየችው። ሁለቱም አላዘኑም፤ ፋዱማም እንዲያዝኑ አልፈለገችም። ማርያን ሳህኑን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ተነሳች።

«እንግዲያው ድርሻዬ ይጨምራል» አለች።

«የእኔም» አለች ዐስሊ። ካኮረፉ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ነበር።

«ይጨመራል» አለች ፋዱማ። «ተራመዱ።»

ማሽኑ ዘፈን ሳያስፈልገው ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሠራ። ማርያን ሳህኑን ትሞላለች፣ ዐስሊ ቁልፉን ትነካለች፣ ፋዱማ የተከተፈውን ትጠብሳለች፣ ቅመም ትጨምራለች፣ «ብዙ አታሽከርክሪው፣ ሊጥ ልታደርጊው ነው?» ትላለች። ሁለቱ አሁንም አልተነጋገሩም፤ ነገር ግን አንዷ «በቃ» ስትል ሌላዋ ታቆም ነበር። ሳምቡሳው ተጠቀለለ፤ ዘይቱ ተጣደ።

ፋርቱን አዲስ ሻሽ አስራ፣ ትሪዋን ተሸክማ ወደ ጥጉ ስትመጣ ፀሐይ ከደቻቱ ወዲያ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። ፋዱማ ትሪዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። ፋርቱን ቆመች። ትሪው ላይ የተደረደረውን ሳምቡሳ አየች፤ ቀጥላ የፋዱማን ቀኝ እጅ። እጁ ዛሬ አልተሸፈነም።

«ሰላም ነው፣ እህቴ» አለች ፋርቱን። «ዛሬ እንኳ አትመጪም ብለውኝ ነበር።»

«ማን ነው ያለሽ?»

ፋርቱንም ጾመኛ ናት። «ማንም» አለች። «ራሴ ነኝ ያሰብኩት።» ጎንበስ ብላ የአንዱን ሳምቡሳ ጠርዝ አየች፤ ዘይት አልጠጣም፤ ከጫፉ ብቅ ያለው ሥጋ ቅንጣት ቅንጣት ነው። «በዚህ እጅ እንዴት ከተፍሽው?»

«ሁለት ሌቦች ከተፉልኝ» አለች ፋዱማ።

ፋርቱን ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልረዘመም። ትሪዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ በመጣችበት ወደ መስጊዱ ጀርባ ተመለሰች። ከፋዱማ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አንዷ ሞተር አንዷ ሳህን አቅፈው የተቀመጡት ሴቶች አንድ ላይ ድርሻቸውን ጠየቁ።

«አዛን ሳይባል?» አለቻቸው ሳትዞር፤ የመጀመሪያው ደንበኛ የዘረጋላትን ወረቀት በግራ እጇ ተቀብላ ሳምቡሳውን መጠቅለል ጀመረች።